ያላለቀ ሐሳብ የሚነገርበት ሸንጎ

የእውቀት ታሪክ ሲጻፍ በብዛት የሚወሳው ተጠናቆ ለአደባባይ የበቃው ሥራ ነው። ከሥራው በፊት የነበረው ጭውውት፣ ጥያቄና ስሕተት ግን ተረስቶ ይቀራል። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ፣ ይኸውም የፕሮግራምን ጽሑፍ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና መልሶ እንዲያድለው የሚፈቅደው ወገን፣ ብዙ ጉልበት ያገኘው ከዚሁ ከሚረሳው ክፍል ነው። ይህ ወገን ዛሬ በኢንተርኔት የሚያካሂዳቸው ቀለል ያሉ የሙያ ንግግሮች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ፍለጋ ውጤት ናቸው። ሐሳቡ ገና ያልበሰለለት ሰው ሳያፍር እንዲናገር፣ የተናገረውም ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ምን ዓይነት ሥርዓት ያሻል? የፍለጋው ጥያቄ ይህ ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በ1969 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ስቲቭ ክሮከር ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት የሚመራበትን ደንብ ይነድፍ ነበር። አብዛኞቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለነበሩ ትእዛዝ የሚመስል ጽሑፍ ለማውጣት አልደፈሩም። ስለሆነም ማስታወሻዎቻቸውን «የአስተያየት መጠየቂያ» ብለው ሰየሟቸው። በዚያው ዓመት የወጣው ሦስተኛው ማስታወሻ ማንኛውም ሐሳብ ሊጻፍ እንደሚችል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም እንደሚበቃ፣ ከተወለወለ ጽሑፍ ይልቅ ጊዜውን የጠበቀ እንደሚመረጥ ደነገገ። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ሁሉ የባለሥልጣን ቃል መስሎ ይታያል፤ ጸሐፊውም ያልተጣራ ሐሳቡን ለማውጣት ያመነታል። ወጣቶቹ ይህን እንቅፋት ሲያነሡ ልቅነትን አልፈቀዱም። እያንዳንዱ ማስታወሻ ቁጥር ተሰጥቶት በተከታታይ መዝገብ ይገባ ነበርና ነፃነቱና መዝገቡ አብረው ተወለዱ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ይኸው ጥያቄ በቃል ንግግር መልክ ተነሣ። መጋቢት 1975 በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ ከተማ፣ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። ስብሰባውን ከፍሬንች ጋር ያቋቋመው ፍሬድ ሙር ነበር። የተሰበሰቡት አልቴር 8800 የተባለውን፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን አነስተኛ ኮምፒዩተር ለማየትና ለመወያየት ነው። «ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ» የተባለው ይህ ማኅበር በቶሎ ሰፍቶ በስታንፎርድ ወደሚገኝ የምርምር ማእከል አዳራሽ ተዛወረ። ያን ጊዜ ሊ ፌልሰንስታይን መድረኩን መምራት ያዘ። ሥርዓቱም ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ ተሰብሳቢው በየተራ እየተነሣ ያለውን፣ የሚፈልገውንና የቸገረውን በአጭሩ ይናገራል። ቀጥሎ ጉባኤው ተበትኖ እያንዳንዱ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ሰው ይሄዳል። በዚህ መንገድ አንደበተ ርቱዕ ያልሆነውም ሰው ረዳት ያገኝ ነበር። ስቲቭ ዎዝኒያክ የኮምፒዩተሩን ንድፍ ለክለቡ አባላት ያለ ዋጋ ያደለው በዚህ መካከል ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሸንጎ ለጎረቤት እንጂ ለሩቅ ሰው አልተከፈተም። ርቀቱን ለማጥበብ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የተከናወነው በኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል ነው። ይህ ግብረ ኃይል በጥር 1986 በሳንዲያጎ ሲሰበሰብ የተገኙት 21 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በመጋቢት 1992 በዚያው ከተማ በተደረገው ስብሰባ ግን የተናጋሪዎቹ ድምፅ በኢንተርኔት አማካይነት በሦስት አህጉራት ወደሚገኙ 20 ጣቢያዎች ተላለፈ። አንድን ድምፅ ለብዙ ተቀባይ የማባዛቱን ሥራ የዘመኑ የመረብ መሣሪያዎች ባብዛኛው ገና ስላልቻሉት ባለሙያዎቹ ተራ ኮምፒዩተሮችን በየሥፍራው ተክለው ክፍተቱን ሞሉ። መንገዱ ያልቀናው ሰው ከዚያ በኋላ ከቤቱ ሆኖ እንዲሰማ ተስፋ ተሰጠው።

ርቀቱ ሲጠብብ የጊዜው ጉዳይ ቀረ። ረጅም ንግግር የሚሰጠው ብዙ የሠራና ስም ያለው ሰው ነው። በ2000 በፒትስበርግ በተደረገው የፐርል ፕሮግራም ጸሐፊዎች ጉባኤ ማርክ ጄሰን ዶሚነስ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ክፍለ ጊዜ አዘጋጀ፤ «የመብረቅ ንግግር» የሚለውም ስም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። አምስት ደቂቃ ለጀማሪ የሚቻል ሸክም ነው፤ ንግግሩ ባይሰምርም አድማጩ ብዙ አይጎዳም።

እነዚህ ልማዶች ሁሉ አንድ ላይ የተፈተኑት በ2020 ነው። በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው ዴቢያን የዓመቱን ጉባኤ በሃይፋ ለማድረግ አስቦ ነበር፤ ወረርሽኙ መንገድ ስለዘጋ ግን በነሐሴ ወር በኢንተርኔት ብቻ አካሄደው። ከ80 አገሮች ከ850 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። አስቀድሞ ከተያዘው መርሐ ግብር ውጭ፣ ማንኛውም ተሳታፊ በጉባኤው ሰሞን የራሱን ውይይት እንዲጠራ ተፈቀደ፤ ይኸውም እንደ ሌላው ሁሉ በቀጥታ ተላለፈ፣ ተቀረጸም። ከዚህም በላይ በእስፓኒሽ ስምንት፣ በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በማላያላም ደግሞ ዘጠኝ ንግግሮች ተደረጉ። ሐሳብ በባዕድ ቋንቋ ሲነገር ገና ከአፍ ሳይወጣ መወልወል ይጠበቅበታል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን እንዳለ ይወጣል።

የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። መደበኛ ያልሆነ ውይይት ያለ ሥርዓት የተተወ ውይይት አይደለም። መዝገብ ያዥ፣ ተራ አስከባሪ፣ ድምፅ አስተላላፊና ጊዜ ቆጣሪ ይፈልጋል። ይህ ሥራ የማይታይ በመሆኑ ምስጋናውን የሚወስደው ዘወትር ተናጋሪው ነው። ሥራው በጎደለበት ቦታ ግን መድረኩ ለደፋሮች ብቻ ይቀራል። አበው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ፤ ጠያቂው ሊቅ እስኪሆን ድረስ ግን የሚጠይቅበትን ወንበር ያዘጋጀለት ሰው ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች፣ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆነው፣ ጥያቄያቸውን በቋንቋቸው የሚያነሡበት ሸንጎ ሲያቋቁሙም ሥራው የሚጀመረው ከዚያው ነው፤ ወንበሩን ከማዘጋጀት፣ የተባለውንም ሁሉ በቁጥር እየመዘገቡ ከማኖር።