ዲስክን በኔትዎርክ ስለ መገልበጥ ታሪክና ስለ መሣሪያው አመራረጥ

በዘንድሮው ዓመት መጀመሪያ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፣ በኮምፒዩተር ክፍላችን የሚገኙትን 20 ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት አድርገን እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ሥራው ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በየትኛው መሣሪያ እንገልብጥ በሚለው ጥያቄ ብዙ ተከራከርን። ታሪኩን በመረመርን ጊዜ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ችግርን ለማቃለል የተሠራ መሆኑን ተረዳን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 የአሜሪካው አይ ቢ ኤም ኩባንያ ራማክ የተባለውን ኮምፒዩተር ባወጣ ጊዜ፣ ዲስኩ 50 ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ፣ ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ውስጥ ዲዲ የሚባል ትእዛዝ ተጨመረ። ይህም ትእዛዝ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እንዳለ ይገለብጣል፤ የተጻፈበትን ከባዶው ስለማይለይ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

በ1995 በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ከተማ ሙሬይ ሃዛርድ የተባለው ሰው ጎስት የሚባለውን ፕሮግራም ሠራ። ጎስት የተጻፈበትን ቦታ ከባዶው ለይቶ ስለሚገለብጥ ሥራውን እጅግ አፋጠነው። በ1998 ሲማንቴክ የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በገንዘብ የሚሸጥ በመሆኑም ለድኻ ትምህርት ቤት የሚቀመስ አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር የኮምፒዩተሮቹ ብዛት ነው። የክፍላችን ኔትዎርክ ቢበዛ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ 30 ጊጋባይት ለአንድ ኮምፒዩተር ለመላክ 40 ደቂቃ ያስፈልጋል። ለ20ው በየተራ ቢላክ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ በጆሮው እየነገረ ቢያጽፍ ቀኑ አይበቃውም፤ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢያነብ ግን ክፍሉ በሙሉ ይጽፋል። መልቲካስት የሚባለው ዘዴ ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ደንቡንም ስቲቭ ዲሪንግ በ1989 ጽፎ አውጥቷል። ሆኖም መምህሩ ቀርፋፋውን ጸሐፊ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ አንድ ያረጀ ገመድ ሌሎቹን ሁሉ ያዘገያል።

ዛሬ ይህን ሁሉ በነጻ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ፎግ የተባለው ዘወትር የሚሠራ ሰርቨር ይፈልጋል፤ ብዙ ኮምፒዩተር ላለውና ሥራው ለሚደጋገምበት ቤት ይስማማል። ክሎንዚላ የታይዋን መንግሥት የኮምፒዩተር ማእከል ሥራ ሲሆን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሠራል። ማእከሉ እንደ ገለጸው 5.6 ጊጋባይት ለ41 ኮምፒዩተሮች በ10 ደቂቃ ያህል አድርሷል። የእኛ ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ ክሎንዚላን መረጥን።

ምርጫችን መልካም ሳለ ጥፋቱ ከእኛው መጣ። በመጀመሪያው ቀን ከዲስክ ወደ ዲስክ ስንገለብጥ፣ ምንጩንና ተቀባዩን አምታታን። መሣሪያው ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ናችሁን?» ብሎ ጠየቀን፤ እኛ ግን ሳናነብ ሁለቱንም ጊዜ «አዎን» አልን። ታናናሾቻችን ለሦስት ወር የጻፉት በአንድ አፍታ ጠፋ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና፣ በፊታቸው ቆመን ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር ያደረግነው ነገር የለም። እነርሱም ሳይቀየሙን እንደ ገና ጻፉ።

እንግዲህ እኛን ለምትከተሉ ተማሪዎች የምንተውላችሁ ምክር ይህ ነው። መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ኮምፒዩተሮቻችሁን ቍጠሩ፣ የኔትዎርኩን ፍጥነት ለኩ፣ ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡ። ከመጀመራችሁም በፊት በዲስኩ ላይ የሰው ድካም መኖሩን አስታውሳችሁ፣ በሌላ ቦታ አስቀምጡለት። ሊቃውንት መሣሪያውን ከዓመት ወደ ዓመት እያሻሻሉ እዚህ አድርሰውታል፤ ጥያቄውን አንብቦ መመለስ ግን የእኛ ፈንታ ነው።