የቀለሙ ቁጥርና የመኪናው ዕድሜ፦ የመኪና ቀለም ርጭት ታሪክ ከፋብሪካ እስከ ቤት ግቢ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከቤተ መዛግብት የተገኘ ሰነድ አይደለም፤ አንድ የተፋቀ ፓራፋንጎ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባቴ የወረስሁት አሮጌ መኪና ከግቢያችን ግንብ ጋር ተፋተገ። ጋራዥ ከመውሰድ ይልቅ ራሴ ልጠግነው ቆረጥሁ። ከበሩ መቃን ላይ ከተለጠፈው ምልክት የቀለሙን ቁጥር ገለበጥሁ፤ በዚያው ቁጥር የተቀመመ ቀለም በመርጫ ጣሳ አስሞላሁ። የተፋቀውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፤ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላሁ፤ አንቲረስት ቀባሁ፤ ከዚያም ቀለሙን ደረብ ደረብ አድርጌ ረጨሁ።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ግን ፓራፋንጎው ከጎኑ ካለው በር ጋር የማይተዋወቅ ሆኖ አገኘሁት። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መልኩ ሁለት። በሰፈራችን የታወቁ አንድ አረጋዊ ቀለም ቀቢ አሉ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። መጥተው ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና «ልጄ፣ አንተ የቀባኸው መኪናው ሲወለድ የነበረውን መልክ ነው፤ እሱ ግን አርጅቷል» አሉኝ። ይህ አነጋገር ከኅሊናዬ አልወጣ ቢለኝ ታሪኩን ወደ ኋላ ተከተልሁት። ዛሬ የማቀርብላችሁም ያንን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጊዜ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ መኪና የሚቀባው እንደ ፈረስ ሠረገላ ነበር። በዘይትና በቫርኒሽ የተሠራ ቀለም በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ይፋቃል፤ እንደገና ይቀባል። አንድ መኪና በዚህ መንገድ ሳምንታት ይወስድ ነበር። በ1913 ፎርድ ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መሥመር ሲዘረጋ የመኪናው አካል በሰዓታት የሚገጣጠም ሆነ፤ ቀለሙ ግን አልደርስ አለ። ሞዴል ቲ የተባለችው መኪና ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራችው ብዙዎች እንደሚሉት በባለቤቱ ግትርነት ብቻ አይደለም። ጥቁሩ ቀለም ርካሽና ጠንካራ ስለነበረ፣ በምድጃ ሙቀትም ስለሚደርቅ ከመሥመሩ ፍጥነት ጋር ይስማማ ነበር።

ችግሩን የፈታው ከጥጥ የሚገኝ ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ባሩድም የፊልም ጥቅልም የተሠሩት ከዚሁ ወገን ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከዚህ ንጥረ ነገር ዱኮ የሚል ስም የሰጠውን ፈጥኖ ደራቂ ቀለም ሠራ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1923 ለገበያ ባቀረበው ኦክላንድ በተባለው መኪናው ላይ ሰማያዊ አድርጎ ተጠቀመበት። ሳምንታት ወደ ቀናት፣ በኋላም ወደ ሰዓታት ወረዱ። ይሁን እንጂ እንዲህ ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በብሩሽ ሊሳብ አይመችም። መረጨት አለበት።

የርጭቱ መሣሪያ የዘር ሐረግ ያስገርማል። አለን ዴቪልቢስ የተባለ በቶሌዶ ኦሃዮ የሚኖር ሐኪም ለሕመምተኞች ጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ በ1880ዎቹ ሠርቶ ነበር። ልጁ ቶማስ ደግሞ በ1907 ገደማ ያንኑ ሐሳብ አሳድጎ ቀለም የሚረጭ ሽጉጥ አደረገው። ፈውስን ወደ ጉሮሮ ለማድረስ የተወጠነው ዘዴ ከጊዜ በኋላ የቀለም ጉም ወደ ቀቢው ሳንባ የሚያደርስ ሆነ ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በዚያው ዘመን ባለ ሁለት ቀለም መኪና ፋሽን ሆነ። ቀቢዎች አንዱን ቀለም ከሌላው ለመለየት የሚለጥፉት ወረቀት ሲላጥ አዲሱን ቀለም ይዞ ይነሣ ነበር። የሦስት ኤም ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ድሩ ይህን ምሬታቸውን በጋራዥ ውስጥ ሰምቶ በ1925 በቀላሉ የሚላጠውን የወረቀት ፕላስተር ፈጠረ። ዛሬ ቤት ስንቀባ በመስኮት ጠርዝ የምንለጥፈው ፕላስተር የመኪና ቀቢዎች ብሶት ልጅ ነው። በ1927 ጄኔራል ሞተርስ በሃርሊ ኧርል የሚመራ የጥበብና የቀለም ክፍል አቋቋመ። ቀለም ከዝገት መከላከያነት አልፎ ሰው አዲስ መኪና እንዲመኝ ማድረጊያ ሆነ። ቀለማት እየበዙ በሄዱ መጠንም የተጋጨውን መኪና የሚጠግነው ሰው የትኛው ሰማያዊ፣ የትኛው ቀይ እንደሆነ የሚለይበት ስምና ቁጥር የግድ አስፈለገው። እኔ ከበሩ መቃን የገለበጥሁት ቁጥር የዚህ ዘመን ቅርስ ነው።

ቀለሙ ከፋብሪካና ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ቤታችን ግቢ የገባው ግን በጦርነት በኩል ነው። በ1941 ላይል ጉድሂውና ዊሊያም ሳሊቫን የተባሉ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ፀረ ተባይ መድኃኒትን በታመቀ ጋዝ የሚረጭ ጣሳ ሠሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ከወባ ትንኝ ተከላከሉበት። በ1949 ኤድዋርድ ሲይሞር የተባለ የኢሊኖይ ቀለም ነጋዴ፣ በባለቤቱ በቦኒ ምክር እንደሚባለው፣ በዚህ ዓይነት ጣሳ ውስጥ የአሉሚኒየም ቀለም ሞላ። ከዚያ ወዲህ ኮምፕረሰርም ሽጉጥም የሌለው ሰው በአንድ ጣቱ ቀቢ ሊሆን ቻለ።

እንግዲህ የንግግሬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጣሳው የፋብሪካውን ቀለም ቤታችን ድረስ አመጣልን፤ ሁለት ነገሮችን ግን አላመጣም።

አንደኛው የመኪናው ዕድሜ ነው። የቀለሙ ቁጥር የትውልድ ምስክር ወረቀት ነው እንጂ የዛሬ ፎቶግራፍ አይደለም። የፀሐይ ጨረር ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ብልጭልጭ ያለው ቀለም ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያሉት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች አተኛኘት እንደ ርጭቱ ርቀት፣ ኃይልና እርጥበት ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ቀለም በሁለት እጅ ሲረጭ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ከዚህም በላይ ሁለት ቅመሞች በጥላ ሥር አንድ መስለው በፀሐይ ሊለያዩ ይችላሉ። አርተር ሃርዲ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብርሃንን ለክቶ ቀለምን በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቷል፤ የዛሬዎቹ የቀለም መለኪያዎች በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። ሆኖም መሣሪያው ልዩነቱን ይነግራል እንጂ አዲሱን ቀለም እያሳሱ ወደ ጎረቤት በር የማዋሐድ ሥራ ዛሬም የቀቢ እጅ ነው።

ሁለተኛው የፋብሪካው ጥበቃ ነው። በፋብሪካ ውስጥ አየር የሚመጥ ክፍልና የሚያደርቅ ምድጃ አለ። ተራው የመርጫ ጣሳ ግን የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ብቻ ስለሆነ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል። ይህን ድካም ለማስወገድ ማጠንከሪያ የተጨመረባቸው ቀለሞች መጡ፤ በአብዛኞቹ ማጠንከሪያዎች ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ደግሞ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከታወቁት ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ነው። በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ አያግደውም። ጋዙም የራሱ ታሪክ አለው። ሞሊናና ሮውላንድ በ1974 የጣሳው ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዳ ካሳወቁ በኋላ አሜሪካ በ1978 አገደችው፤ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነትም ተከተለ። በምትኩ የገቡት ፕሮፔንና ቡቴን ሰማዩን ቢያተርፉም እሳት ይወዳሉ። ከሰል በሚነድበት ግቢ ጣሳ መርጨት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በአገራችን ጋራዦች ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ ስቱኮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ እንደ መጡ ሁላችንም እናውቃለን። ከቃላቱ ጋር የመጣውና እዚሁ የጎለመሰው ዕውቀት ግን የትም አልተጻፈም። ጋሼ ያኔ በጣሳ ያለ ቀለም እንደማይታረም ነግረውኝ በቆርቆሮ አስገዙኝ። ትንፋሻቸው አጥሮ ስለነበር ራሳቸው መርጨት አልቻሉም፤ ነፋሱ ወደማይመጣበት በኩል በርጩማ አስወጥተው ተቀመጡና «ጥቁር ጠብ አድርግ፤ በቃህ። አሁን ቢጫ፣ በጣም ትንሽ። ላሜራ ላይ ሞክረውና ይድረቅ» እያሉ አዘዙኝ። አራት ጊዜ ሞከርን። በአምስተኛው ፓራፋንጎውና በሩ ታረቁ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አፋቸውን በሻሽ አስረው ይረጩ እንደነበር የነገሩኝ በዚያ ቀን ነው። ለትንፋሻቸው ማጠር ምክንያቱን መወሰን የሐኪም እንጂ የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም። መጠየቅ ግን የእኔ ሥራ ነበር፤ በሰፈራቸው ስኖር ያን ሁሉ ዓመት ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። የፈጣሪዎቹን የባለቤትነት ሰነድና የኩባንያዎቹን መዝገብ ሌሎች በሚገባ ጽፈውታል። በዓይኑ ቀለም የሚቀምመው ሰው ስንት ጠብታ ከምን ላይ እንደሚጨምር፣ በምን እንደ ተማረ፣ ምን እንደ ተነፈሰ የጻፈ ግን የለም። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ከቤተ መጻሕፍቱ በፊት ወደ ጋራዡ ጎራ በሉ። የድምፅ መቅጃ ያዙ፤ ለቀቢውም ደህና የመተንፈሻ ጭምብል ይዛችሁለት ሂዱ።