የኤክስኤምኤል አትሪቢዩት እሴቶችን በኤክስኤስኤልቲ መደመር

ኤክስኤስኤልቲ የኤክስኤምኤል ሰነድን ወደ ሌላ ሰነድ (ለምሳሌ ወደ ኤችቲኤምኤል ገጽ) የሚለውጥ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። 1.0 ተብሎ የሚጠራው እትም በጄምስ ክላርክ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 የደብልዩ3ሲ ደረጃ ሆኖ ወጣ። በሰነዱ ውስጥ የሚፈለገውን ክፍል የሚጠቁመው ኤክስፓዝ የተባለው አጋር ቋንቋ ነው፤ በኤክስፓዝ አጻጻፍ የ@ ምልክት አትሪቢዩትን ያመለክታል።

የሚከተለውን ደረሰኝ እንውሰድ፦

<ደረሰኝ>
 <ዕቃ ስም="ስኳር" ዋጋ="120" ብዛት="2"/>
 <ዕቃ ስም="ዘይት" ዋጋ="900" ብዛት="1"/>
 <ዕቃ ስም="ቡና" ዋጋ="480" ብዛት="3"/>
</ደረሰኝ>

(የኤለመንት ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ በኤክስኤምኤል 1.0 የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው። በቀድሞው ሕግ የተሠሩ ፓርሰሮች ዛሬም ይህን ሰነድ አይቀበሉም። የኤክስኤስኤልቲ የራሱ ትዕዛዞች ግን ሁልጊዜ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ የቀረቡት በድምፃቸው ነው።)

ሳም(/ደረሰኝ/ዕቃ/@ዋጋ) የሚለው አገላለጽ ሦስቱን ዋጋዎች ሰብስቦ 1500 ይመልሳል። ሳም እያንዳንዱን አትሪቢዩት መጀመሪያ ወደ ቁጥር ቀይሮ ነው የሚደምረው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ላይ ነው። አንዱ ዋጋ ባዶ ከሆነ (ዋጋ="")፣ ወይም 1,200 ተብሎ በነጠላ ሰረዝ ከተጻፈ፣ ወይም ፳ ተብሎ በግዕዝ አኃዝ ከገባ ወደ ቁጥር አይቀየርም። በ1.0 እትም ጠቅላላ ድምሩ «ቁጥር አይደለም» የሚል ውጤት ይሆናል። አትሪቢዩቱ ጭራሹን ከሌለ ደግሞ ምንም ምልክት አይታይም፤ ዕቃው ከድምሩ ይቀራል፣ ሂሳቡም በዝምታ ያንሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚያየው ሰው ስለማይጠረጥረው።

ቁጥር ያልሆኑትን ለማስቀረት @ዋጋ[ነምበር(.) = ነምበር(.)] የሚል ማጣሪያ ይጠቅማል፤ «ቁጥር አይደለም» የተባለው እሴት ከራሱም ጋር እኩል ስለማይሆን ተጣርቶ ይወጣል። ነገር ግን ማጣሪያው ብቻውን ስህተቱን ይደብቃል። ስለዚህ የተደመሩትን ዋጋዎች ብዛት ከዕቃዎቹ ብዛት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ካልተስማሙ ድምሩን ማመን አይገባም።

ከዚህ የሚከብደው ዋጋን በብዛት እያባዙ መደመር ነው። የትክክለኛው ክፍያ ድምር 240 + 900 + 1440፣ ማለትም 2580 ነው። የዋጋዎቹን ድምር በብዛቶቹ ድምር ማባዛት 9000 ስለሚሰጥ ፍጹም የተሳሳተ ነው። በ1.0 ሳም የሚቀበለው የኖዶች ስብስብን ብቻ ነው፤ የማባዛት ውጤት ኖድ ስላልሆነ ሊሰጠው አይችልም። እንደ ሌሎች ቋንቋዎች በተለዋዋጭ ላይ እየደመሩ መሄድም አይቻልም፤ አንድ ጊዜ እሴት የተሰጠው ተለዋዋጭ አይለወጥም። የተለመደው መፍትሔ ራሱን የሚጠራ ቴምፕሌት ነው፦ የመጀመሪያውን ዕቃ ያባዛል፣ ውጤቱን እስካሁን በተገኘው ድምር ላይ ይጨምራል፣ የቀሩትን ዕቃዎችና አዲሱን ድምር ይዞ እንደገና ራሱን ይጠራል፤ ዕቃ ሲያልቅ ድምሩን ያወጣል። ዝርዝሩ በጣም ከረዘመ ግን ፕሮሰሰሩ የጥሪ ገደብ ላይ ደርሶ ሊያቆም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 2.0 ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ተካው፦ ሳም(/ደረሰኝ/ዕቃ/(@ዋጋ * @ብዛት))። ቁጥር ያልሆነ እሴት ሲገጥመውም ስህተት አሳውቆ ይቆማል። ሳክሰን የተባለው ፕሮሰሰር ይህን እትም ይደግፋል፤ ሊብኤክስኤስኤልቲ ግን በ1.0 ላይ ስለቀረ በእሱ የሚሠራ ሰው ራሱን የሚጠራውን ቴምፕሌት ማወቅ አለበት።