አሟሚዎች በሞለኪውሎች ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ በኮምፒውተር እንዴት ይጠናል?

ብዙ የጸረ ተባይ ኬሚካሎች በውኃ አይሟሙም። ዘይት በሚመስል ፈሳሽ ሟምተው ይታሸጋሉ፤ አርሶ አደሩ ከውኃ ጋር ሲቀላቅላቸውም እንደ ወተት ይነጣሉ። አንድ ኬሚካል በየትኛው ፈሳሽ እንደሚሟሟ እና በዚያ ውስጥ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው አስቀድሞ ለመገመት ከሚረዱ ዘዴዎች አንዱ ሲሙሌሽን የተባለው በኮምፒውተር የማስመሰል ጥናት ነው።

አሟሚ ሌላውን ነገር በውስጡ የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። ዋነኛው ውኃ ሲኾን የሞለኪውሉ አንድ ጎን በመጠኑ አሉታዊ፣ ሌላው ጎን አወንታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው። በዚህም ምክንያት እንደ ጨው ያሉ ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች ከብቦ ይይዛል። ይህ አያያዝ ኬሚካላዊ ለውጥን እስከ ማዘግየት ይደርሳል። የክሎራይድ አዮን እና ሜቲል ክሎራይድ በጋዝ መልክ ሲገናኙ ለውጡ ፈጣን ነው፤ በውኃ ውስጥ ግን እጅግ አዝጋሚ ይኾናል። ዊሊያም ጆርገንሰን እና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ በኮምፒውተር ስሌት ምክንያቱን አሳይተዋል። ውኃው ትንሹን የክሎራይድ አዮን አጥብቆ ይይዛል። ለውጡ መሐል ላይ ሲደርስ ግን ቻርጁ በኹለት ክሎሪኖች ላይ ስለሚሠራጭ የውኃው አያያዝ ይላላል። ይህን ለማለፍ ከፍተኛ ኃይል ያስፈልጋል።

ስሌቱ በኹለት መንገድ ይሠራል። በመጀመሪያው እያንዳንዱ የውኃ ሞለኪውል ይቆጠራል፤ ኮምፒውተሩ አቶሞች የሚሳሳቡበትን እና የሚገፋፉበትን ኃይል አስልቶ በጥቂቱ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ እንደገናም ያሰላል። አኒሱር ራህማን እና ፍራንክ ስቲሊንገር በ1971 ውኃን በዚህ ዘዴ ሲያጠኑ የተጠቀሙት 216 ሞለኪውሎችን ብቻ ነበር፤ ከአንዲት ጠብታ ጋር እንኳ አይነጻጸርም።

ኹለተኛው መንገድ አሟሚውን እንደ አንድ ወጥ ነገር ወስዶ የኤሌክትሪክ መሳሳብን የማዳከም አቅሙን በአንድ ቁጥር ይወክላል። ቁጥሩ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውኃ 78፣ ለኢታኖል 24 ገደማ ነው። ስሌቱ ፈጣን ነው፤ አንድ የውኃ ሞለኪውል ከመድኃኒት ጋር የሚፈጥረውን ትስስር ግን አያሳይም።

ለመድኃኒት ቀመማ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ከታለመለት ፕሮቲን ጋር ለመጣበቅ አስቀድሞ የከበበውን ውኃ መልቀቅ አለበት። ውኃውን የዘነጋ ስሌት ደካማውን መድኃኒት ብርቱ አስመስሎ ሊያቀርብ ይችላል፤ በመኾኑም ውጤቱ በቤተ ሙከራ ሳይፈተሽ አይታመንም።