የዋሽንግተን ዲሲ የዓመት መጨረሻ በዓላት ሰሞን

የዋሽንግተን ዲሲ የበዓላት ሰሞን በአሜሪካ ዋና ከተማ ከታንክስጊቪንግ (ከምስጋና በዓል) ማግሥት አንሥቶ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት መግቢያ የሚዘልቅ የመብራት፣ የሙዚቃ፣ የገበያና የሽርሽር ወቅት ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሰሞኑ የሚያበቃው ጃንዋሪ 7 ላይ በሚውለው በሐበሻ ገና፣ ሲረዝምም በጥምቀት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዋሽንግተንን ከሌሎቹ የአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች የሚለያት በዓሉ በትላልቅ መደብሮች ዙሪያ ያልተመሠረተ መሆኑ ነው። ዋናዎቹ ትዕይንቶች የሚገኙት በሕዝብ መሬትና መንግሥት በሚደግፋቸው ተቋማት ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹም መግቢያ አይከፈልባቸውም። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለትኬት ምንም ሳያወጣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲዞር ሊሰነብት ይችላል። ለአገሩ አዲስ ለሆነና ኑሮውን ገና እየተከለ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብሔራዊው የገና ዛፍ

የሰሞኑ እምብርት ከኋይት ሐውስ በስተደቡብ ባለው ኤሊፕስ በተባለ ሞላላ ሜዳ ላይ የሚበራው ብሔራዊ የገና ዛፍ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1923 ነው። በከተማዋ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሉክሬሺያ ሃርዲ ለሕዝብ የሚሆን የገና ዛፍ በኋይት ሐውስ አጠገብ እንዲቆም ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተስማሙ፤ በትውልድ ግዛታቸው በቨርሞንት የሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅም ቁመቱ 15 ሜትር የሚጠጋ ጥድ ላከ። ዲሴምበር 24 ቀን ኩሊጅ ማብሪያውን ሲጫኑ 2,500 ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ አምፖሎች በሩ። ሥራው ከበጎ ሐሳብ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዎች ሕዝቡ ሻማውን ትቶ የገና አምፖል እንዲገዛ ይፈልጉ ስለነበር ድጋፋቸውን አልነፈጉትም።

ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ደስታና ሐዘን ሁሉ በዚህ ዛፍ ላይ ታይቷል። በ1941 ዛፉ ወደ ኋይት ሐውስ ግቢ ገባ። ፐርል ሃርበር ከተደበደበ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር፤ ዲሴምበር 24 ምሽት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዛፉን ሲያበሩ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል አጠገባቸው ነበሩ። ከ1942 እስከ 1944 ባሉት የጦርነት ዓመታት ዛፉ በጌጥ ብቻ ቆመ፤ መብራቱ ተመልሶ የበራው በ1945 ነው። በ1963 የተገደሉት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የ30 ቀን የሐዘን ጊዜ እስኪያበቃ ተጠብቆ ተተኪያቸው ሊንደን ጆንሰን ያበሩት ዲሴምበር 22 ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካው አሜሪካውያን በኢራን ታግተው የቆዩበት ዘመን ነው። በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር ከዛፉ አናት ላይ ያለው ኮከብ ብቻ እንዲበራና የቀረው እንዲጨልም አደረጉ። በዓመቱም ታጋቾቹ አልተፈቱም፤ ስለዚህ ዛፉ የበራው ለ417 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በእስር ላሳለፉት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰከንድ ማለት ነው። ጃንዋሪ 1981 ታጋቾቹ ሲለቀቁ ገናው ካለፈ በኋላ ዛፉ እንደገና በሙሉ ብርሃኑ በራ። አንድ ሕዝብ በመብራት እንዲህ ሲያዝንና ሲደሰት የታየበት ሌላ አደባባይ ማግኘት ይከብዳል።

የዛሬውን ረጅም ሰሞን የፈጠረው ግን በ1954 የተደረገው ለውጥ ነው። እስከዚያ ድረስ በዓሉ የአንድ ምሽት ሥነ ሥርዓት ነበር። በዚያ ዓመት ዛፉ ወደ ኤሊፕስ ተመልሶ «የሰላም ትዕይንት» የሚል ስያሜ ያለው የብዙ ሳምንታት ዝግጅት ሲጀመር፣ ሰው ቀን መርጦ፣ ቤተሰቡን ይዞ፣ በሚመቸው ምሽት የሚመጣበት ቦታ ሆነ። ዛሬ በትልቁ ዛፍ ዙሪያ ክፍላተ ግዛቶቹን፣ ዋና ከተማዋንና አሜሪካ ከባሕር ማዶ የምታስተዳድራቸውን ደሴቶች የሚወክሉ ትንንሽ ዛፎች ይቆማሉ። ልጆች የራሳቸውን ግዛት ዛፍ ፈልገው በአጠገቡ ፎቶ መነሣት ይወዳሉ። ትልቁ ዛፍ ለብዙ ዓመታት ከነሥሩ የተተከለ ነበር፤ በ1978 የተተከለው በ2011 በነፋስ ወደቀ፣ ተተኪውም ሳይጸድቅ ቀርቶ በ2012 ሌላ ተተከለ። በማብሪያው ዕለት ለመገኘት ነፃ ትኬት በዕጣ ይሰጣል። ዕጣ ያልደረሰው ምንም አይቀርበትም፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ግፊያውም ይቀላል።

ከኮንግረሱ ሕንፃ ፊት ለፊት ሌላ ዛፍ አለ። ይህኛው ከ1964 ጀምሮ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ከ1970 ወዲህ በየዓመቱ ከአንድ ብሔራዊ ደን ተቆርጦ በጭነት መኪና ይመጣል፤ በየመንገዱ ባሉ ከተሞችም እየቆመ ሕዝብ ያየዋል። ጌጡ ዛፉ ከመጣበት ግዛት በመጡ ሰዎች እጅ የተሠራ ነው። ሁለቱን በአንድ ምሽት ለማየት ከኤሊፕስ ተነሥቶ ብሔራዊው ሞል በተባለው ሰፊ መናፈሻ ዳር ዳር ወደ ምሥራቅ መሄድ ነው።

ሌሎች በዓላት

ዲሴምበር የክርስቲያኖች ብቻ አይደለም። የአይሁድ በዓል የሆነው የሐኑካ ታላቅ መቅረዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በኋይት ሐውስ አካባቢ የቆመው በዚያው በ1979 በላፋየት መናፈሻ ነበር፤ በታጋቾቹ ጉዳይ ምክንያት ከግቢያቸው ብዙም የማይወጡት ካርተርም በእግራቸው መጥተው በሥነ ሥርዓቱ ተካፍለዋል። ዛሬ መቅረዙ ከገና ዛፉ ብዙም ሳይርቅ በኤሊፕስ ይቆማል። ሐኑካ የሚቆጠረው በዕብራውያን አቆጣጠር ስለሆነ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ደግሞ በ1966 የተጀመረውን የጥቁር አሜሪካውያን በዓል ክዋንዛን የሚያከብሩ አሉ።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ በብዙ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚያልፈው በጸሎትና በዝማሬ ነው። ይህ ሥርዓት ዲሴምበር 31 ቀን 1862 ሌሊት ከፕሬዚዳንት ሊንከን የባሪያዎች ነፃነት አዋጅ ዋዜማ ጋር የተያያዘ ነው፤ አዋጁ በማግሥቱ በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ሰዎች ነቅተው ጠብቀዋል። ለኢትዮጵያዊ ምእመን ሌሊቱን ቆሞ ማደር እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ከርችቱና ከጭፈራው ይልቅ ይህን ቢያይ ይወደዋል።

ከብርድ መጠለያ

የዋሽንግተን ዲሴምበር እንደ ቺካጎ ወይም እንደ ቦስተን አይበረታም፤ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ በገና ዕለት በረዶ መጣሉም እምብዛም አያጋጥምም። ዋናው ፈተና ጨለማው ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በእነሱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከቤት ውስጥ ትዕይንት ጀምሮ ሲጨልም ወደ መብራቱ መውጣት የተሻለ ነው።

ለመጀመር ከኮንግረሱ ሕንፃ ግርጌ ያለውን የአሜሪካ የዕፅዋት ማሳያ ግቢ የሚያህል የለም። በ1820 የተመሠረተው ይህ ተቋም በበዓሉ ሰሞን የከተማዋን ታላላቅ ሕንፃዎች ከዛፍ ቅርፊት፣ ከቅርንጫፍ፣ ከፍሬና ከቅጠል ብቻ አሳንሶ ሠርቶ ያቀርባል። የሊንከን መታሰቢያ ዓምዶችና የኮንግረሱ ጉልላት ከጫካ በተለቀመ ነገር ቆመው ሲታዩ ትልቅ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። በትንንሽ ሐዲዶች ላይ የሚሽከረከሩት ባቡሮች ደግሞ የልጆች ናቸው። የመስታወቱ ቤት የሐሩር አገር ዕፅዋት የሚበቅሉበት በመሆኑ ይሞቃል፤ ካፖርት አውልቆ በአረንጓዴ መካከል መቀመጥ በዲሴምበር እንዴት እንደሚያስደስት የሚያውቀው ብርዱን የቀመሰ ነው። መግቢያው ነፃ ነው።

የስሚትሶኒያን ቤተ መዘክሮችም እንዲሁ መግቢያ አይጠይቁም፤ በዓመት ውስጥ የሚዘጉት ዲሴምበር 25 ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ በፈረንጅ ገና ዕለት ልጆቻቸውን ይዘው ተዘግቶ የሚያገኙ ብዙ ናቸው። ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ በ2010 የተከፈተው የሰው ልጅ አመጣጥ አዳራሽ መታለፍ የለበትም። ድንቅነሽ የምትመደብበት ዝርያ ፊት በሠዓሊ እጅ ተመልሶ የተሠራው እዚያ ነው፤ በአሜሪካ የተወለደ ልጅ የወላጆቹ አገር በሰው ዘር ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ በዓይኑ ያየዋል። በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ቤተ መዘክር ግን ሰዓት የተጻፈበት ነፃ የመግቢያ ወረቀት አስቀድሞ መያዝ ይጠይቃል።

ሜዳ ላይ መሆን ለሚወድ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የሐውልት መናፈሻ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ አለ፤ በበጋ ፏፏቴ የሆነው ገንዳ በብርድ ወራት ይጋገራል። ይህ የሚከፈልበት ነው። የእንስሳት መናፈሻው የመብራት ትዕይንትም ለብዙ ዓመታት በነፃ ከቆየ በኋላ ትኬት ተደርጎበታል። በመሀል ከተማ በኤፍ ጎዳና የሚተከለው የበዓል ገበያ የእጅ ሥራና ትኩስ መጠጥ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ ዞሮ ማየቱ ይበቃል።

ቲያትር ለሚወድ ሊንከን በ1865 በተተኮሰባቸው በፎርድ ቲያትር የቻርልስ ዲክንስ የገና ተረክ በየዓመቱ ይቀርባል። የዋሽንግተን ባሌት ከ2004 ጀምሮ በዎርነር ቲያትር የሚያሳየው ነትክራከር የተባለ የገና ባሌት ደግሞ ታሪኩን ወደ ጆርጅታውን ሰፈር ወስዶታል፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ጀግናው፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የአይጦቹ ንጉሥ ሆነው ይፋለማሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ በማውንት ቨርነን፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ርስት፣ በበዓሉ ሰሞን ግመል ይታያል፤ ይህም ዋሽንግተን በ1787ቱ ገና እንግዶቻቸውን ለማስደሰት 18 ሽልንግ ከፍለው ግመል ለማስመጣታቸው መታሰቢያ ነው።

የነፃነቱ ዋጋ

ሰሞኑ በመንግሥት በጀት ላይ የቆመ መሆኑ ድክመትም አለው። ዲሴምበር 22 ቀን 2018 የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ውዝግብ ሥራ ሲያቆም የገና ዛፉ ሜዳ ተዘጋ፤ ዳግመኛ የተከፈተው በብሔራዊ ፓርኮች ፋውንዴሽን እርዳታ ነው። ስሚትሶኒያን ከቀድሞ በጀት በተረፈ ገንዘብ እስከ አዲስ ዓመት ቢቆይም ከጃንዋሪ 2 ጀምሮ በሮቹን ዘጋ። የምክር ቤት ጠብ ለገና ዛፍና ለሙዚየም በር መትረፉ የሚያሳዝን ነው፤ የበጀት ውዝግብ በተነሣበት ዓመት ከመውጣት በፊት ማጣራት ይገባል።

የኢትዮጵያውያን ሰሞን

የዋሽንግተን አካባቢ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ መኖሪያ ነው፤ ዩ ጎዳና፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የታወቁ ሰፈሮቹ ናቸው። ለኦርቶዶክስ ምእመናን ሰሞኑ ከጾም ጋር ይገጣጠማል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ገደማ ስለሚገባ የታንክስጊቪንግ ተርኪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጾሙ ከያዘ በኋላ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ግብዣውና የፈረንጅ ገናውም በጾሙ መካከል ይውላሉ። በዚህ የሚጨነቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። መብራቱን አይቶ፣ እጁን በኪሱ ከትቶ ወደ ዩ ጎዳና ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዶ ትኩስ ሽሮና በያይነቱ መብላት ለጾመኛው የተመቸ የምሽት ማሳረጊያ ነው። ዲሴምበር 28 ገደማ ደግሞ ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ነው፤ ቁልቢ መሄድ ያልቻለ ስእለቱን እዚያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል።

ጃንዋሪ 6 ማታ ካፖርት ላይ ነጠላ የጣሉ ምእመናን አብያተ ክርስቲያናቱን ይሞላሉ። ማኅሌቱና ቅዳሴው ሌሊቱን ይዘልቃል፤ ጾሙ የሚፈታውም ከቅዳሴው በኋላ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 መሆኑ አይለወጥም፤ ጥምቀት ግን በዚያ ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይዛወራል። ብዙ ቤተሰብ ለልጆቹ ሲል ሁለቱንም ገና ያከብራል፤ ዛፉ ለፈረንጁ፣ ዶሮ ወጡ ለሐበሻው ነው።

ጃንዋሪ 7 በአሜሪካ የፌዴራል በዓል አይደለም። በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆስፒታልና በታክሲ ለሚሠራው ወገናችን ደግሞ ዲሴምበር ሥራ የሚበረታበት ወር ነው፤ የሥራ ድልድሉም ቀደም ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ቅዳሴ አድሮ በማግሥቱ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ መቁረስ የሚፈልግ ሁሉ ፈቃዱን ጾሙ ሲገባ ይጠይቅ፤ ለልጆቹም ትምህርት ቤት አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ።