ጨረሩ ጥርስ ላይ ሲያርፍ
ቴዎዶር ማይማን እ.ኤ.አ. በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ማዕድን ሲያፈልቅ ተመራማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ ወደ ጥርስ አነጣጠሩት። የጥርስ ሐኪሞችን የሚያፏጭ መሰርሰሪያ የሚተካ መሣሪያ መፈለግ ተጀመረ።

በ1965 የሲንሲናቲው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን ጨረሩን በሕያው ሰው ጥርስ ላይ ሞከረው። ታካሚው የገዛ ወንድሙ፣ የጥርስ ሐኪሙ በርናርድ ነበር፤ ሕመምም አልተሰማውም። ይሁን እንጂ የሩቢ ሌዘር ሙቀት ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቭና ደም ሥር ያለበትን የጥርስ ክፍል ሊጎዳ እንደሚችል ታወቀ።

መፍትሔው በውሃ በኩል መጣ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎቹ ኬለርና ሂብስት ጀርመን ውስጥ የኤርቢየም ሌዘርን በጥርስ ላይ አጠኑ። የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖሜትር የሆነውን ጨረሩን ውሃ አጥብቆ ይውጠዋል፤ በጥርስ ውስጥ ያለው እርጥበት በቅጽበት ተንኖ ሲፈነዳ የበሰበሰውን ክፍል እየፈረፈረ ያነሣዋል። ከመሣሪያው የሚረጨው ውሃም ሙቀቱን ያበርዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1990 ሌላ ዓይነት ሌዘርን ለድድ ሕክምና፣ በ1997 ደግሞ ኤርቢየምን ለተቦረቦረ ጥርስ ፈቀደ።

ዛሬ ሌዘር፣ መሰርሰሪያ ለሚያስፈራቸው ልጆች፣ ጥርሳቸው በጥቂቱ ለተቦረቦረና የድድ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ይመቻል። አሮጌ የብረት ሙሌት ማንሣት ግን አሁንም የመሰርሰሪያው ሥራ ነው።