የኮክሊየር ኩባንያ አመሠራረትና ያስገኘው ጥቅም

ሰው ከባልንጀራው ጋር በንግግር ተግባብቶ ለመኖር፥ ተማሪም ከመምህሩ ቃል ትምህርት ለመቅሰም ዋናው በር ጆሮ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ በር ለተዘጋበት ሰው ምን ሊደረግለት ይቻላል? የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያሳስብ ኖሯል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ለጥያቄው አንድ መልስ ያቀረበውን፥ ኮክሊየር የተባለውን የአውስትራልያ ኩባንያ ታሪክ ለአንባብያን ልንገልጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ክፍል አለ። በዚያ የሚገኙት የረቀቁ ሕዋሳት ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት እየለወጡ በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይልካሉ። ሕዋሳቱ ከጠፉ ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ እምብዛም አይረዳም፤ የጎላውን ድምፅ የሚለውጠው የለምና። ስለዚህ የቀረው መንገድ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ለነርቩ ማድረስ ነው። ይህንንም በ1957 በፓሪስ ጁርኖና ኤይሪዬስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን፥ በ1961 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ዶክተር ዊልያም ሃውስ ሞክረውታል።

በ1935 የተወለዱት አውስትራልያዊው ግሬም ክላርክ፥ መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት አባታቸው በመስማት ችግር ሲቸገሩ እያዩ አደጉ። በ1970 በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ምርምራቸውን ሲገፉ ብዙዎች አይሳካም አሏቸው፤ ገንዘብም አጥሯቸው ከሕዝብ በቴሌቪዥን ተለመነላቸው። ቀጭኑን ሽቦ ጆሮውን ሳይጎዳ ማስገባትም ከባድ ሆኖባቸው ነበር። በ1977 ግን በባሕር ዳር የሣር ዘለላ በዛጎል ውስጥ እየከተቱ ሲመለከቱ፥ ጫፉ ለስላሳ ግንዱ ጠንከር ያለው ዘለላ ጠመዝማዛውን ተከትሎ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ ተረዱ። ኦገስት 1 ቀን 1978 በሜልበርን መሣሪያቸው በአንድ መስማት በተሳነው ሰው ጆሮ ውስጥ ተተከለ። ይህም ሰው በኋላ በተደረገው ፈተና የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ ለይቶ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ።

ይሁን እንጂ ለአንድ ሰው የተሠራ መሣሪያ ለሕዝብ ሁሉ አይዳረስም። ትርፉ ገና ሳይታወቅ ነጋዴ ብቻውን ደፍሮ አይገባበትምና፥ የአውስትራልያ መንግሥት ወጪውን በመደገፍ፥ ፖል ትሬይነር ከሚመሩት ከኑክሊየስ ኩባንያ ጋር ሥራው እንዲቀጥል አደረገ። ኑክሊየስ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በመሥራት፥ ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ የሰውነት እርጥበት እንዳይገባበት አድርጎ ማሸግን ያውቅ ነበር። በ1981 ኮክሊየር ተመሠረተ። ባለ 22 ኤሌክትሮድ የሆነው መሣሪያውም በ1985 ለአዋቂዎች፥ በ1990 ሁለት ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት በአሜሪካ ተፈቀደ። ኩባንያው በ1988 ወደ ፓሲፊክ ደንሎፕ ተዛውሮ፥ በ1995 አክሲዮኑ ለገበያ ቀርቦ ራሱን ቻለ።

መንገዱ ሁሉ ግን የቀና አልነበረም። በ2011 ከመሣሪያዎቹ አንዱ ዓይነት እርጥበት እያስገባ ሥራውን ማቆሙ ስለታወቀ፥ ኩባንያው ያልተተከሉትን ከገበያ ሰበሰበ። ከዚህም የጠለቀ ክርክር አለ፤ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፥ ለራሱ መምረጥ ለማይችል ሕፃን ሌላው ለምን ይመርጥለታል? የሚሉ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ቃላቸው ሊናቅ አይገባም። መሣሪያውም ቢሆን የተፈጥሮን ጆሮ አይተካም፤ ያለ ረጅም ልምምድና ያለ ታጋሽ አስተማሪ ፍሬ አይሰጥም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ የሊቁ ዕውቀት፥ የመንግሥት ገንዘብና የነጋዴው ብልሃት ሦስቱ ሲተባበሩ ትልቅ ሥራ መሠራቱን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ መሣሪያው ከቤተ ምርምር ደጃፍ ባልወጣ ነበር። በጀት የምንመድብም ሆንን የምናስተምር ሰዎች፥ ዛሬ ትርፉ የማይታየውን ምርምር ከመናቃችን በፊት ይህን ብናስብ መልካም ነው።